የለቀቀ ሠራተኛ ምን ይላል?

ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት መልኩ አይለወጥም። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ ፆታ አይለይም፤ ቀጥሎ «ደሞዝ፦ በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት»፤ ከታች ደግሞ አመልካቹ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ በተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል እንዲቀርብ የሚያዝ መስመር። ጋዜጣ ላይ ቢታተም፣ ቦርድ ላይ ቢለጠፍ፣ በቴሌግራም ቻናል ቢለቀቅ ያው ነው። ከሠራተኛው የሚፈለገው ተዘርዝሮ ተጽፏል፤ ሠራተኛው የሚያገኘው በአንድ ቃል ታልፏል። ሥራ ፈላጊው ግን ያልተነገረውን ሳያጣራ አይሄድም። እዚያ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ይልቁንም ሠርቶ የወጣ ሰው አፈላልጎ ይደውላል። ደሞዝ በቀኑ ይገባል? ኦቨርታይም ይከፈላል ወይስ ነገ ዛሬ እየተባለ ይቀራል? አለቃው ሰው ፊት ይሳደባል? ልልቀቅ ስትል ክሊራንስ ስንት ጊዜ ያመላልሱሃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጥቂት ደቂቃ ወሬ መልስ ይገኛል። የድርጅቱ የአሠሪነት ስም ማለት ይኸው መልስ ነው።

የአስተዳደር ምሁራን በጉዳዩ ላይ መጻፍ የጀመሩት ዘግይተው ነው። «ኢምፕሎየር ብራንድ» የሚለው ሐሳብ በጥናት መልክ የታወቀው ቲም አምብለርና ሳይመን ባሮው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። እነሱ ያሉት ባጭሩ ይህ ነበር፦ ሰው ከሥራው የሚያገኘው ገንዘብ፣ ሙያና የመንፈስ እርካታ አንድ ላይ ተጠቃሎ ከአሠሪው ስም ጋር ይቆራኛል፤ ስለዚህ ኩባንያ ለዕቃው ስም የሚጨነቀውን ያህል ለአሠሪነቱም ስም ሊጨነቅ ይገባል። ሐሳቡ ቀና ነው። ወደ ቢሮ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማርኬቲንግ ክፍሉ ተሰጠና ቲሸርት፣ የዓመት በዓል ፎቶ፣ «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል ጽሑፍና በድሮን የተቀረጸ ቪዲዮ ሆኖ ቀረ። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚያ በተቃራኒው ነው። የአሠሪ ስም የሚሠራው ግቢ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ ይዞት የሚወጣውም ከሁሉ በላይ ሥራውን የለቀቀው ሰው ነው። ማስታወቂያ ሊያደርግ የሚችለው ያንን ስም ማሰማት ብቻ ነው፤ ስሙ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ባያሰማው ይሻላል።

ለዚህ በቁጥር ከተመዘገቡት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ዲትሮይት አጠገብ በሚገኘው የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሥራ ጀመረ። መኪናው በፍጥነት መውጣት ሲጀምር የሠራተኛው ድርሻ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆሞ አንዷን ብሎን ማጥበቅ ሆነ። በዚያ ዓመት የሠራተኛ ፍልሰቱ 370 በመቶ ደረሰ። 14,000 ገደማ ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቆየት ፋብሪካው በዓመት ውስጥ ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት፤ ከሥራ ገበታው የሚቀረውም በቀን 10 በመቶ ያህል ነበር። ልብ በሉ፤ ፎርድ ያኔ ከአካባቢው ፋብሪካዎች የተለየ ዝቅተኛ ከፋይ አልነበረም። ሰው የሚሸሸው ሥራውን ነበር። እያንዳንዱ የሸሸ ሰው ደግሞ በዲትሮይት ሠፈሮች ስለዚያ መስመር የሚያወራ አንድ አፍ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1914 ኩባንያው የቀኑን ሥራ ከ9 ወደ 8 ሰዓት አሳጥሮ፣ 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም የነበረውን የቀን ክፍያ ወደ 5 ዶላር እንደሚያሳድግ አስታወቀ። በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ፈላጊ በሩን አጨናነቀው፤ በዚያ ብርድ ሕዝቡን ለመበተን የእሳት አደጋ ውኃ እስከመርጨት ተደረሰ። የፍልሰቱ መጠን በዚያው ዓመት ወደ 54፣ በቀጣዩ ወደ 16 በመቶ ወረደ።

«እንግዲያው ነገሩ ገንዘብ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ግማሽ እውነት አለው። የቀረውን ግማሽ የሚነግረን ታሪኩ ወዴት እንደሄደ ነው። ከ5 ዶላሩ ግማሽ ያህሉ «የትርፍ ድርሻ» የተባለ ነበርና የሚከፈለው ኑሮው ለተመሰከረለት ብቻ ነበር። ኩባንያው ለዚሁ ክፍል አቋቁሞ የሠራተኛውን ቤት የሚያንኳኩ፣ መጠጥ ይጠጣ እንደሆነ፣ ገንዘብ ይቆጥብ እንደሆነ፣ ቤቱ ንጹሕ እንደሆነ የሚመዘግቡ መርማሪዎች አሰማራ። ሴቶች መጀመሪያ ላይ በክፍያው አልታቀፉም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ የፎርድ ሠራተኞች ዋና ፍርሃት የኩባንያው የጥበቃ ክፍል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ የጠየቁ ሰልፈኞች በኩባንያው ሌላ ፋብሪካ ደጅ በጥይት ተገደሉ፤ በ1937 የማኅበር አደራጆች በዚያው ፋብሪካ መግቢያ ድልድይ ላይ በፎቶግራፍ አንሺዎች ፊት ተደበደቡ። ከሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ መኪና አምራቾች መካከል የሠራተኛ ማኅበሩን መጨረሻ ላይ የተቀበለው ፎርድ ነው፤ ያውም በ1941 ሥራ ከቆመበት በኋላ። ይህ ሁሉ የሆነው ያ ዝነኛ የ5 ዶላር ቀን ከታወጀ ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ደሞዙ ሰውን በር ድረስ አመጣ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን የወሰነው ግቢው ውስጥ የሚውለው ነገር ነበር።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ማስረጃው የበለጠ ቅርብና የበለጠ መራራ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ እስከ 60,000 ሰው እንደሚቀጥር ታስቦ ነበር። ሼዶቹ አዲስ፣ ግቢው ጽዱ፣ የገቡት ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ስም ያላቸውን ልብሶች የሚሰፉ ነበሩ። ከማስታወቂያ አንጻር የጎደለ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል ያወጣው ሪፖርት ግን ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ የመተካት ያህል እንደሚቀጥሩ አሳየ። የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበረም። ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች አንዷን ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው፣ ከደሞዙ የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ ለቤተሰብ የሚላክ ቀርቶ ለራስ የሚተርፍ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ሳይሰናበቱ ነበር የሚቀሩት። ባለሀብቱ «የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም» ይላል፤ እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። የማያኖር ደሞዝ ትቶ ወደ ቤት መመለስ ሒሳብ ማወቅ ነው። እያንዳንዷ ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ ስለ ፓርኩ የምታወራውን የሚሰሙት በሚቀጥለው ዓመት ሊቀጠሩ የታሰቡት እህቶቿና ጎረቤቶቿ ናቸው። ኋላ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ገበያ መታገዷ ፓርኩን ክፉኛ ጎድቶታል፤ የፍልሰቱ ችግር ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋር ሆነው ያደረጉት ሙከራ ነገሩን ከግምት አውጥቶታል። ለፋብሪካና ለእርሻ ልማት ሥራ ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ አንዳንዶቹ ሥራውን፣ አንዳንዶቹ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና፣ የቀሩት ምንም አላገኙም። እንግዲህ ሁሉም ሥራውን ፈልገው፣ ማስረጃ ይዘው፣ ወረፋ ጠብቀው ያመለከቱ ናቸው። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሦው ገደማ በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ በዓመቱ የለቀቀው 77 በመቶ ያህል ነበር። ገቢያቸው እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ በሥራው ላይ በቆዩበት በእያንዳንዱ ወር ግን ከባድ የጤና ችግር የሚገጥማቸው ሰዎች ድርሻ በአንድ የመቶኛ ነጥብ ያህል ይጨምር ነበር። ገንዘቡንና ሥልጠናውን ያገኙት ገቢያቸው በሲሦ አደገ። የፍልሰቱ ትልቅ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሆኑ ለክርክራችን ትልቅ ቁም ነገር ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሰው የሙያ ዕድገት የለም ብሎ አይወጣም፤ የሚወጣው የተነገረውና ያገኘው አልገናኝ ብሎት፣ አቧራው ወይም ኬሚካሉ አላስተነፍስ ብሎት፣ ተቆጣጣሪው እንደ ሰው አልቆጥር ብሎት ነው። እነዚህ ሁሉ ከቅጥሩ በፊት ሊነገሩ፣ አንዳንዶቹም ሊስተካከሉ የሚችሉ ነበሩ።

እውነቱን አስቀድሞ መናገር ሠራተኛ ያስሸሻል የሚል ፍርሃት አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ዋነስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ለስልክ ኦፕሬተርነት ያመለከቱትን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን የሥራውን መልካም ጎን ብቻ፣ ለሌላው አሰልቺነቱንና ቁጥጥሩን ጭምር የሚያሳይ ፊልም አሳየ። እውነቱን ያዩት ሥራውን ለመቀበል ወደኋላ አላሉም፤ የሚጠብቁት ግን ልክ ያለው ሆነ፣ ከገቡም በኋላ የመልቀቅ ሐሳባቸው ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች የዚህ ዘዴ ውጤት መጠነኛ እንጂ ተአምር አለመሆኑ ታይቷል፤ መጥፎ ሥራን እውነት ተናግሮ ጥሩ ማድረግ አይቻልም። ወጪው ግን ከምንም አይቆጠርም። እኛ ሀገር ደግሞ የሚጠበቀውና ያለው የማይገናኙበት ርቀት ሰፊ መሆኑን ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ ባዘጋጁት የሥራ ባዛር አይተውታል። ወደ 250 ድርጅቶችና 1,000 ገደማ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ተገናኙ፤ በስተመጨረሻ የተገኘው ቅጥር ለአሥር ድርጅት አንድ ያህል ነበር። ሥራ ፈላጊው ከገበያው በላይ ደሞዝ ይጠብቃል፤ ድርጅቱ ከመጣለት ሰው በላይ ልምድ ይጠብቃል። ደሞዙን ቁርጥ አድርጎ የማይጽፍ ማስታወቂያ ይህን ርቀት የሚያሰፋ እንጂ የሚያጠብ አይደለም፤ «በስምምነት» የሚለው ቃል ሁለቱም ወገኖች በየልባቸው የራሳቸውን ቁጥር ይዘው እንዲገናኙ ያደርጋል።

ከአሠሪዎች ዘንድ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ደጄ ላይ መቶ ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይገባል፤ ስም ምን ያደርግልኛል?» ይህ ክርክር የሰልፉን ርዝመት እንጂ ሰልፉ ላይ ማን እንዳለ አያይም። ግሩም አበበና ስቴፋኖ ካሪያ ከኤስቴባን ኦርቲዝ-ኦስፒና ጋር በኢትዮጵያ ባደረጉት ሌላ ሙከራ አንድ ቀጣሪ ለሚያመለክቱ ሰዎች ጥቂት ገንዘብ እንደሚከፍል አስታወቀ። የመጡት አመልካቾች ችሎታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ለማመልከት የሚወጣው የትራንስፖርት፣ የኮፒና የጊዜ ወጪ ቀላል አይደለም፤ የባሰ የሚከብዳቸው ደግሞ ችሎታ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በርካታ ቀጣሪዎች ግን የዚህን ዘዴ ጥቅም አሳንሰው እንደሚገምቱ በሁለተኛ ሙከራ ታየ። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ጎበዙ ሰው የትም ቦታ ማስረጃውን አይበትንም፤ የትራንስፖርቱን ገንዘብ የሚያወጣው ያዋጣል ወዳለው ቦታ ነው። ስሙ የጠፋ ድርጅት ሰልፍ አያጣም፤ የሚያጣው ከሰልፉ መካከል ሊመርጠው ይመኘው የነበረውን ሰው ነው። ያንን ሰው ደግሞ አይቶት ስለማያውቅ ማጣቱንም አያውቅም። በዚያ ላይ ሰው በሰው የመተካት ወጪ በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ አይታይም፤ በሥልጠና፣ በተበላሸ ጨርቅ፣ በዘገየ ትእዛዝ፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ ጀማሪ እያስተማረ በሚያባክነው ሰዓት ተበትኖ ይቀራል። ፎርድ ራሱ የ5 ዶላሩን ውሳኔ ኋላ ላይ የቆጠረው በወጪ ቅነሳ ነው።

«አሠልጥነን ለሌላ ነው የምንሰጠው» የሚለው ቅሬታ ግን ክብደት አለው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በርካታ አዳዲስ ባንኮች ሲከፈቱ ሰው ያገኙት በአብዛኛው ከነባሮቹ ነው፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ሌሊት አይበቅልምና። የተለመደው መከላከያ ማሰር ነው። ሠልጣኙ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ዋስ ጠርቶ ይፈርማል፤ የባንክ ሠራተኛው ደግሞ በዝቅተኛ ወለድ የቤት ወይም የመኪና ብድር ይወስድና ሲለቅ ብድሩ በገበያ ወለድ እንደሚሰላበት ወይም ባንዴ እንደሚጠየቅ ያውቃል። ብድሩ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ በከተማ ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ከማንኛውም ቲሸርት ይበልጣል። ስህተቱ የታሰረን ሰው እንደ ወዳጅ መቁጠር ነው። ብድር ያቆየው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ አለ፤ ዕዳው ባይኖር ኖሮ ይቆይ እንደነበር ግን የሰው ኃይል ክፍሉ ፋይል አይነግረንም። ሥራ ፈላጊው ሲደውልለት «ብድሩ ነው የያዘኝ እንጂ…» ብሎ ይጀምራል። ለነገሩ መሄድን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ የተሻለ የሚከፍል ይመጣል፣ ሰው ወደ ውጭ ሀገር ይሄዳል፣ ሰው ያገባል፣ ይታመማል። ሊለወጥ የሚችለው የሄደው ሰው የሚያወራው ነው። በደንብ ሠልጥኖ፣ በደንብ ተሰናብቶ የወጣ ሰው በሄደበት ሁሉ የድሮ ቤቱን ያነሣል፤ የተሻለው ቦታ ያሰበውን ያህል ካልሆነም ለመመለስ አያፍርም።

ሌላው ተቃውሞ የትናንሾቹ ድርጅቶች ነው፦ ይህ ሁሉ ለባንክና ለአየር መንገድ እንጂ አሥር ሰው ለሚያሠራ ማተሚያ ቤት ወይም ካፌ አይሆንም። በገንዘብ በኩል እውነት ነው። ሰው የማያኖር ደሞዝ እየከፈሉ ስለ አሠሪ ስም ማውራትም ማታለል ነው፤ የሐዋሳው ምሳሌ ከዚህ ሌላ ምንም አያስተምርም። ከዚያ ወለል በላይ ግን ሥራ ፈላጊው ደውሎ የሚጠይቃቸው ነገሮች አብዛኛዎቹ ከገንዘብ ይልቅ ልማድ የሚጠይቁ ናቸው። ደሞዝን በተባለው ቀን መክፈል ገንዘቡ ካለ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ኦቨርታይም ቢሆን ሕግ ቆርጦታል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ትንሽ ድርጅት ከትልቁ የሚበልጥበትም ነገር አለ፤ ባለቤቱና ሠራተኛው ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ቅሬታ እስኪያመረቅዝ ድረስ አምስት ደረጃ አይወጣም። እርግጥ ያው ቅርበት ባለቤቱ ተሳዳቢ ከሆነ መሸሸጊያ ያሳጣል፤ ስሙም በሠፈሩ በሳምንት ውስጥ ይዳረሳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ስም በሚወጣበት በር ላይ፣ ማለትም በስንብቱ ጊዜ፣ ብዙ ድርጅቶች የሚያሳዩት ግዴለሽነት ነው። ሰውየው መልቀቂያ ያስገባበት ቀን ፊት ይጠቁርበታል። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ጥበቃ እያለ አንዲት የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ፊርማ ይለቅማል፤ አንዱ ፈራሚ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሌላው ዓመት ፈቃድ ወጥቷል። የሥራ ልምድ ማስረጃው «ነገ ና» ይባላል። በዚህ መሃል ሰውየው ለሁለት ዓመትም ለአሥር ዓመትም ያገለገለው ሁሉ ይደበዝዝና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያፈራው ምሬት ብቻ አፉ ላይ ይቀራል። አዋጁ የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል፤ ለዘገየው ክፍያ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ የሚደርስ ሊያስከፍል ይችላል፤ ሠራተኛው ሲጠይቅም የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ይህን ግዴታ ሳያመላልሱ መፈጸም አንድ ጸሐፊና አንድ ማኅተም ይበቃዋል። ለአሠሪነት ስም በጀት የሚይዝ ድርጅት ገንዘቡን ከዚህ ቀድሞ የሚያወጣበት ቦታ አለ ብዬ አላምንም።

አሠሪ ወይም የሰው ኃይል ኃላፊ ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ለቪዲዮና ለባነር ከመዋዋልዎ በፊት ባለፈው ዓመት የለቀቁትን ሰዎች ዝርዝር ያስወጡ። በስንተኛው ወር እንደለቀቁ ይዩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሆነ ጉድለቱ ቅጥሩ ጊዜ በተነገራቸው ነገር ላይ ወይም በመጀመሪያው አለቃቸው ላይ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከሆነ ዕድገትና የደሞዝ ጭማሪ ላይ ይመልከቱ። ከዚያ ጥቂቶቹን ያስደውሉና ለወንድማችሁ ወይም ለእህታችሁ ይህን መሥሪያ ቤት ትመክራላችሁ ወይ ብለው ያስጠይቁ። ጠያቂው ግን የቀድሞ አለቃቸው አይሁን።